ውሃው የዞረበት እሁድ

ሌላ አገር ሰው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ድሬዳዋ ግን ታች ያለው አሸዋ ነው፤ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ጎርፍ ካልመጣበት በቀር የሰውና የፍየል መንገድ ነው። ውሃ ያማረው ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው መውጣት አለበት። ስለዚህ የኃይለየሱስ አባት በተቀበሩ ሰሞን ጋሽ ሽመክት ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ሸምበቆ ተሸክመው ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙና «ተነስ ልጄ፣ ወንዝ እንውጣ» አሉት።

ጋሽ ሽመክትና አባቱ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ያረጁ ሰዎች ነበሩ። ኃይለየሱስ ያኔ ለቅሶ ያደከመው ጎልማሳ ነው፤ ማጥመድ ይቅርና ዓሣ ሲጠበስ እንኳ ቆሞ አያይም። ግን ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካልያዘው በቀር እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከሽማግሌው ጋር ተራራው ላይ ወዳለው የቡርቃ ምንጭ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።

ባጃጁ በዋሂል መንገድ ይወስድና መገንጠያው ላይ ያወርዳል። ከዚያ ዳገት ነው። ግራር፣ ቁልቋል፣ የጋለ ድንጋይ፤ «እዚህ ውሃ አለ» ቢባል ማንም የማያምንበት አገር። ሲወጡ ሲወጡ አንድ ጥምዝ አለ፤ እሱን ሲታጠፉ አየሩ ድንገት ይቀዘቅዛል። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ በእርከን የተተከለ ጫት ይታያል። ከሁሉም በላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ውሃው ከሥሩ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ገበሬዎቹ የምንጩ ዓይን ይሉታል። ከዓይኑ ወርዶ ኩሬ ይሠራል፣ ከኩሬው አምልጦ ወንዝ ይሆናል፣ ወንዙም ቁልቁል ሮጦ ሮጦ ከተማ ሳይገባ አሸዋው ይጠጣዋል።

ኩሬው ጥርት ያለ ነው። ዓሣው ከመታየቱ በፊት ከታች ያለው ነጭ አሸዋ ላይ ጥላው ይታያል። ዓሣውም ሰውን እንደዚያው ያየዋል። ስለዚህ ቡርቃ ላይ ቆሞ የሚያጠምድ ሰው ሽርሽር የመጣ ነው። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ፣ ጥላን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመች አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከኩሬው ዳር አለ፤ ሁለት ሰው ይይዛል። ግማሹ የጋሽ ሽመክት፣ ግማሹ የኃይለየሱስ ነበር።

ሽማግሌው ከጋራዥ ይዘውት የመጡት አንድ ወግ አላቸው። የመጀመሪያው ዓሣ መንጠቆ ላሰረልህ ሰው ነው። ድሮ እጁ የተቃጠለ ወይ ዓይኑ የደከመ ባልደረባ መንጠቆውን ለጓደኛው ይሰጣል፣ ጓደኛው ያስርለታል፣ መጀመሪያ የወጣውን ይወስዳል። ምስጋና አይባልበትም፤ ያላሰረ ሰውም አይነካውም። የጋሽ ሽመክት ጣቶች መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ወዲህ የሚያስረው ኃይለየሱስ ነው። እሁድ ማታ ያቺን ዓሣ በፌስታል ይዞ ሲገባ ሚስቱ ሰርካዲስ «የጋሽ ሽመክት መጣች!» ትላለች። እሱ ራሱ ያጠመዳቸው ብዙ ቢሆኑም ስም ያላት እሷ ብቻ ናት። ኃይለየሱስ ትራንዚተር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ከመስኮት መስኮት ሲለምን ይውላል። ሳይለምን የሚሰጠው ያቺ ዓሣ ነበረች።

ከዚያ ሚክዳድ መጣ።

ሚክዳድ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ ሽመክት ጊቢ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራየ። አንድ እሁድ ኃይለየሱስ ሽማግሌውን ሊወስድ ሲመጣ ይሄ ረጅም ጎረምሳ የሽማግሌውን ዘንቢል አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል።

«ይሄ ልጅ ዓሣ አላውቅም ይለኛል» አሉ ጋሽ ሽመክት። «ይዘነው እንሂድ።»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ ሚክዳድ። «ግን ያወቅኩት ከተጠበሰ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ኃይለየሱስ ለጨዋታው ያህል ፈገግ አለና ባጃጅ ጠራ።

ዳገቱ ላይ ሚክዳድ ከኋላ ሆኖ «አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ በል እንጂ! ባቡሩ አምልጦሃል እንዴ?» ሲል ኃይለየሱስ ዘወር አለ። የሱ ቤተሰብ ከደጋ የመጣ ነው፤ ሁሉም ሰው አንተ በሚባልበት ድሬ ተወልዶ ቢያድግም ታላቅን አንተ ብሎ አያውቅም። ጋሽ ሽመክትን እስከ ዛሬ «እርስዎ» እንዳለ ነው። ሽማግሌው ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወገባቸውን ይዘው ቆሙና «ባቡሩማ እኛንም አምልጦናል አቦ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ኃይለየሱስ የቀረውን ዳገት ቀድሟቸው ወጣው። ለምን እንደከፋው ለራሱም አልነገረውም።

ድንጋዩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንደ ልማዱ የሽማግሌውን መንጠቆ ተቀብሎ ማሰር ጀመረ። ሚክዳድ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ያየዋል።

«እስቲ ወዲህ በላት» አለ።

«ተወው፣ ጨርሻለሁ።»

«ስጠው ኃይሌ፣ ይሞክር» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ሰጠው። ሚክዳድ ክሩን በከንፈሩ አረጠበ፣ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ አንድ ነገር አደረገ፣ ትርፉን በጥርሱ ቆረጠ። ጋሽ ሽመክት መንጠቆውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አገላበጡት።

«እየው፣ ኃይሌ! ቋጠሮው የታለ? አይታይም እኮ!»

«ቀን ቀን የማደርገው ይሄንን ነው» አለ ሚክዳድ። «ቋጠሮው የታየ ሸሚዝ ይመለሳል።»

ብዙ ሳይቆይ የሽማግሌው ሸምበቆ ጎበጠ። መዳፍ የምታህል ብርማ ዓሣ ወጣች። ጋሽ ሽመክት ከመንጠቆው አላቀቋትና ኃይለየሱስን አልፈው ለሚክዳድ ዘረጉለት። ወጉን አስረዱት።

«እኔ ምጣድ እንኳ የለኝም» አለ ሚክዳድ፤ ከዚያ ወደ ኃይለየሱስ ዞረ። «ወንድሜ፣ አንተ ውሰዳት።»

«ያላሰረ አይወስድም» አለ ኃይለየሱስ። ድምፁ እንዳሰበው ቀላል ሆኖ አልወጣም።

ማታ ሰርካዲስ ፌስታሉን ፈትሻ «የጋሽ ሽመክት የታለች?» አለችው።

«ዛሬ አልቀናቸውም።»

ውሸቱ ሳምንት አልቆየም። ሰርካዲስ ሳቢያን ገበያ ከጋሽ ሽመክት ጋር ተገናኝታ ስለ አዲሱ ልጅ እጅ ሲያወሩላት ቆማ ሰማች። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ባሏን እያየች መሳቅ ጀመረች።

«በሽማግሌ ቀናህ? ሰው በሚስቱ ነው የሚቀናው!»

«አንቺንማ ማን ይወስድብኛል።»

«እሁድ እሁድ ቤት ብትውል ታየው ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ሆና ደግሞ «ዓሣ ከፈለግክ እኔ ገዝቼ አመጣልሃለሁ!» አለች። አልሳቀም።

በሚቀጥሉት እሁዶች ነገሩ ከዓሣዋ አለፈ። ሚክዳድ ከገበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ ያወራል፣ ይቀልዳል፤ የኃይለየሱስ ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ከዋጋ አያልፍም። ሚክዳድ ከሽማግሌው ጋር አንድ ጊቢ ስለሚኖር የሳምንቱን ወሬ አብረው ይዘውት ይመጣሉ። «ያቺ ድመት እኮ ተመለሰች» ይላል አንዱ፣ ሌላው ይስቃል፤ ኃይለየሱስ የትኛዋ ድመት ብሎ መጠየቅ ያፍራል። ሣሩ ላይ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ወደ ድንጋዩ ጫፍ ቀረበ። አንድ ቀን ጋሽ ሽመክት «ኃይሌ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በል» አሉት። ጠጋ አለ። ያን ቀን አንድ ጭኑ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የዋለው፤ ማታ ሲያነክስ ሰርካዲስ ምን ሆነህ ብትለው «እንቅፋት» አላት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አባ መሐሙድ ደወሉለት። አባ መሐሙድ የቡርቃ የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃው ዛሬ የማን ማሳ፣ ነገ የማን ማሳ እንደሚገባ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከዓሣ አጥማጆቹ የያዙት ስልክ የኃይለየሱስን ብቻ ነው።

«ኃይሌ፣ በመጪው እሁድ ኩሬውን እንጠርጋለን» አሉ። «ደለል ሞልቶታል። ውሃውን ከዓይኑ ሥር ወደ ላይኛው ቦይ እናዞረዋለን። ኩሬ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ያን ዳገት በከንቱ እንዳይወጣው ንገረው፣ ሀዬ?»

«ሀዬ» አለ ኃይለየሱስ።

መንገር አስቦ ነበር። ስልኩን እንደያዘ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጆሮው ውስጥ መጣ፣ በጋሽ ሽመክት ድምፅ፦ «ኃይሌ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይደርስብኝም ነበር።» ሽማግሌው ደክሟቸው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ባዶ ኩሬ ዳር ቆመው፣ ወደ ሚክዳድ ዞረው ሲሉት ታየው። ዓረፍተ ነገሩ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም። ጉምሩክ መስኮት ላይ ተሰልፎ ሁሉ ሰማው። በሰማው ቁጥር ደስ ይለዋል፣ ደስ ባለው ቁጥር መንገሩን ለነገ ያሳድራል።

ቅዳሜ ለሚክዳድ ደወለ። «ነገ ኮንቴይነር ይገባብኛል። ጋሼን አንተ ውሰዳቸው።»

«ወላሂ? ብቻችንን?» አለ ሚክዳድ፤ ደስ እንዳለው ያስታውቃል፣ ያም አናደደው። «ውሃው እንዴት ነው ግን? አባ መሐሙድን ልጠይቀው?»

«እኔ አነጋግሬያቸዋለሁ» አለ ኃይለየሱስ። ይህ እውነት ነበር።

እሁድ ግን ቤት መቀመጥ አልቻለም። ዓረፍተ ነገሩ ሲባል እዚያ ሆኖ መስማት አለበት። ቅዳሴ እንዳለቀ ከነሱ ቀድሞ በሌላ ባጃጅ ሄደ፣ ከጥምዙ በፊት መንገዱን ለቆ በጫቱ እርከን ላይ ዞረና ከኩሬው በላይ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ከታች የሚወራው ሁሉ ይሰማል።

ገበሬዎቹ አካፋ ይዘው ገብተዋል። የውሃውን መንገድ በድንጋይ፣ በሙዝ ግንድና በሣር ጓል ደፍነውታል። ኩሬው ቀስ እያለ ይጎድላል። መጀመሪያ ዳሩ ላይ ያሉት ድንጋዮች ጥቁር ሥራቸው ታየ፣ ቀጥሎ ነጩ አሸዋ ወጣ፣ ከዚያ ከአሸዋው አልፎ ማንም ያላሰበው ጭቃ። ለአፍታ ኃይለየሱስ የመጣበትን ረስቶ ያን ያየው ነበር።

ጋሽ ሽመክት በሚክዳድ ክንድ ተደግፈው ጥምዙን ታጠፉ። ቆሙ። አዩት።

ኃይለየሱስ ወደ ፊት አንገቱን ሰገግ አደረገ።

«ኧረ!» አሉ ሽማግሌው። «ሆዱን አየሁት! ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ሆዱን አይቼው አላውቅም ነበር!»

ሚክዳድ ግን ደንግጧል። «ይቅርታ አባቴ፣ ኃይሌ አነጋግሬዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ምናልባት አባ መሐሙድ ቀን አሳስቶት ይሆናል።»

«ተወው እሱን። እዚያ የሚንቀጠቀጠው ምንድነው?»

የኩሬው ጥልቅ ቦታ ላይ ምንጣፍ የምታክል ውሃ ቀርታለች። ዓሣው ሁሉ እዚያ ታጭቋል፤ ጀርባቸው ከውሃው በላይ ወጥቶ ያብለጨልጫል። ገበሬዎቹ ዓሣ አይበሉም፣ ጉዳያቸውም አይደለም፤ አካፋው ሲደርስባቸው ከደለሉ ጋር ይጣላሉ። ሚክዳድ ዘንቢሉን ጥሎ ሮጠ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ጮኸ፣ ገበሬዎቹ ሳቁ፣ አንዱ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ወረወረለት። ዓሣውን እየዘገነ ጀሪካኑ ውስጥ ከቶ፣ ከቋጥኙ ሥር ውሃው ወዳልጎደለበት ወደ ምንጩ ዓይን ወሰደና ገለበጠው። ተመለሰ። እንደገና ዘገነ። «ኮቱ፣ ኮቱ!» እያለ ሌሎቹንም ጠራ፤ ሁለት ሦስቱ አካፋቸውን ተክለው መጡለት።

ጋሽ ሽመክት ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ኃይለየሱስ የሽማግሌውን እግር አይቶ አያውቅም ነበር፤ ቀጭን ነው፣ እንደ ተላጠ እንጨት ነጭ ነው። ይህንንም እሱ የለም በሚሉበት ቀን ነው ያወጡት።

ጭቃው ውስጥ ገቡ። በመንጠቆ ስንት ዓመት የለመኑትን ዓሣ በእጃቸው ያፍሳሉ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓሣውም ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ ያመልጣል፣ እሳቸው ይስቃሉ። «ና አንተ! ና! ባለፈው እሁድ ሊጤን ከመንጠቆው በልተህ የሄድክ አንተ አይደለህም?» እያሉ ከዓሣው ጋር ያወራሉ። ኃይለየሱስ ይህን ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲህ ሲስቁ አልሰማም። ጸጥ ማለትን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩት። የሱ ድርሻ ጸጥታው ብቻ ነበር ማለት ነው?

ያኔ ሽማግሌው ወደቁ።

አንድ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ሌላው ተንሸራተተ፣ በጎናቸው ሄዱ። ኃይለየሱስ ብድግ አለ። በእርከኑ ቢዘል ከማንም በፊት ይደርሳል፤ መንገዱ ቁልቁል ነው። ግን ከወዲያ በኩል ሚክዳድ ጀሪካኑን ጥሎ ሲመጣ አየ። እጁ ሲዘረጋ አየ። እና ኃይለየሱስ መልሶ ተቀመጠ።

ሚክዳድ በብብታቸው ይዞ አነሳቸው። እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነዋል። ትንሽ ተነፈሱና እንደገና ሳቅ ጀመሩ።

«ምነው ኃይሌ ይሄን ባየ!» አሉ። «ምስኪን፣ ኮንቴይነር ላይ ቆሞ!»

ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣበት ሐፍረት አልነበረም። ሐፍረቱ በኋላ ነው የደረሰው። መጀመሪያ ያንገበገበው፣ ይህን ደግ ቃል ለሚክዳድ መናገራቸው ነው።

«ኃይሌ!» የሚል ድምፅ ከበላዩ መጣ። አባ መሐሙድ ከዓይኑ ሥር ሲወርዱ ማንጎው ጋ ደርሰው ነበር። «እዚህ ምን ትሠራለህ? ዛሬ ውሃ የለም ብዬ ደውዬልህ የለ? ለሽማግሌው አልነገርከውም እንዴ?»

አባ መሐሙድ ከማሳ ማሳ ሲጣሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አያንስም። አካፋዎቹ ቆሙ። ሚክዳድ ቀና አለ። ጋሽ ሽመክት እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ወደ ማንጎው አዩ።

ኃይለየሱስ ወረደ። ጫማው ጭቃው ዳር ሲደርስ ቆመ።

«ደውሎልህ ነበር?» አሉ ጋሽ ሽመክት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

ሚክዳድ ፊቱን ወደ ጀሪካኑ መለሰ። ቢሰድበው ለኃይለየሱስ ይቀለው ነበር።

«እሺ፣ እሱ ይሁን» አሉ ሽማግሌው። «ዳገቱን አልጠላሁትም። እንዲያውም ብትነግረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይቀርብኝ ነበር።» ከጺማቸው ላይ ጭቃ ጠረጉ። «ስወድቅ ግን እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አይተኸኛል?»

«ተነስቼ ነበር ጋሼ። ከዚያ ሚክዳድ ቀደመኝ።»

ጋሽ ሽመክት ቀረብ ብለው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ አንድ የማያውቁትን ሰው ፊት የሚያጠኑ ይመስላሉ።

«እኔን ለማንሳት ወረፋ አለ እንዴ ልጄ?» አሉ።

ኃይለየሱስ ጃኬቱን አወለቀና ዘረጋላቸው፤ ርሰዋል፣ ከቋጥኙ ሥር የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ግን ሚክዳድ ቀድሞ ሹራቡን ከዘንቢሉ አውጥቶ ትከሻቸው ላይ እየጣለ ነበር። ጃኬቱ በኃይለየሱስ እጅ ላይ ቀረ። ሽማግሌው አዩት፣ እጃቸውን ሊዘረጉም አሰቡ፤ ከዚያ ሹራቡን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ።

«ብርድ ሳይገባኝ ልውረድ» አሉ። «ና ሚክዳድ።»

«ልከተላችሁ?» አለ ኃይለየሱስ።

«ዛሬ ይቅር» አሉ ጋሽ ሽመክት፣ እንደ አባት፣ ረጋ ብለው። «የሚመጣውን እሁድ እኔ እደውልልሃለሁ።»

ደውለውለት አያውቁም። የሚደውለው ሁልጊዜ እሱ ነው።

ሚክዳድ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ። «የቀረው ዓሣ ትንሽ ነው» አለው፤ ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

ኃይለየሱስ ጫማውን አውልቆ ገባ። የቀሩትን በእጁ ለቀመ፣ ወደ ዓይኑ ወሰደ፣ ገለበጠ። ከዚያ አባ መሐሙድ ሳይጠይቁት አካፋ አቀበሉት፤ የመጨረሻውን ደለል ከገበሬዎቹ ጋር አወጣ። ከመካከላቸው አንዱ እጁን አይቶ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሁሉም ሳቁ። ምን እንዳለ አልገባውም፤ ሚክዳድ ቢኖር ይነግረው ነበር።

ከታች፣ ከጥምዙ ባሻገር፣ ሁለቱ ገና እየወረዱ ናቸው። ዳገቱ ለሽማግሌው ሲወረድ ነው የሚከብደው። የሚክዳድ ድምፅ መጣ፣ ቃሉ አልተለየም። የጋሽ ሽመክት ድምፅ መለሰ። ስለ እሱ ይሆን? ወይስ ስለ ድመቷ? ኃይለየሱስ አካፋውን ተደግፎ ጆሮውን አቀና።

አባ መሐሙድ ከላይ የሙዙን ግንድ ይዘው «ልልቀቀው?» ብለው ጮኹ።

«ትንሽ ይቆዩ!» አለ ኃይለየሱስ።

«ምን ቀረህ?»

አንድ ሳቅ ከታች መጣ። የማን እንደሆነ መለየት አልቻለም።

«ምንም» አለ። «ይልቀቁት።»

ግንዱ ተነሳ። ውሃው በባዶው ኩሬ ላይ እንደ ድንጋይ ናዳ እየጮኸ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ከታች የሚሰማ ነገር አልነበረም።